ጥርሱን አታድርቁት፦ ልጆች ጥርሳቸውና ፊታቸው ሲጎዳ

ከሥሩ የወለቀ የልጅ ጥርስ ወደ እኛ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በሶፍት ተጠቅልሎ ነው። ሶፍቱ ሲፈታ ጥርሱ እንከን የለውም፤ ታጥቧል፣ ተፈትጓል፣ አንዳንዴም በአልኮል ተወልውሏል። ያመጣው ሰው የሚችለውን ሁሉ አድርጎ በተስፋ ያየናል። ሥሩን ወደ መብራቱ አስጠግተን ስናየው ግን ደብዝዞ እንደ ደረቀ አጥንት ሆኗል። ገና በወለቀ ጥርስ ሥር ላይ እርጥብ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን አለ፤ ጥርስን ከመንጋጋ አጥንት ጋር የሚያያይዙት ሕያው ሴሎች ያሉት እዚያ ላይ ነው። እነዚህ ሴሎች ደረቅ ላይ በየደቂቃው ያልቃሉ፤ 60 ደቂቃ ካለፋቸው የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ የደረቀ ጥርስ ተመልሶ ቢተከልም አጥንቱ ቀስ በቀስ ሥሩን እየበላ ይተካዋል። ልጁ ሲያድግ ግራና ቀኙ ያሉት ጥርሶች ከመንጋጋው ጋር ሲወርዱ እሱ ባለበት ተጣብቆ ይቀራል።

ይህን የምንጽፈው የጥርስ ሐኪም ላልሆኑ ሰዎች ነው፦ ለወላጅ፣ ለመምህር፣ ጤና ጣቢያ ላይ ብቻውን ተረኛ ለሆነ ነርስና ጤና መኮንን። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ያለው በእነሱ እጅ ነው፤ ልጁ እኛ ዘንድ ሲደርስ አብዛኛው ነገር ተወስኖ ያበቃል። ሌላም ምክንያት አለን። ከንፈርና ድድ ብዙ ደም ስለሚፈስሳቸው ሰው ሁሉ ወደ ደሙ ይሮጣል፤ በልጅ ፊት ላይ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ጉዳት የሚያደርሱት ግን አንዳንዴ አንድ ጠብታ ደም የማይታይባቸው ናቸው።

አፍ ከመታየቱ በፊት

ልጁን በጀርባው አታስተኙት። አስቀምጡትና ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ደሙን እንዲተፋ አድርጉ። ደም ከዋጠ ያስመልሰዋል፤ ያን ጊዜ ትውከቱ ከሆዱ ይሁን ከጭንቅላቱ ለመለየት ይቸግራል። አንገቱን ካመመው ወይም ከከፍታ ከወደቀ፣ ወይም መኪና ወይም ባጃጅ ከገጨው፣ አንገቱ ሳይነቃነቅ መተኛት ስላለበት በጎኑ አዙራችሁ ጭንቅላትና ትከሻውን በአንድ ላይ ደግፉ።

ራሱን ስቶ ነበር? የወደቀበትን አያስታውስም? ደጋግሞ አስመልሶታል? እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል? የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ሰፍቷል? ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ጥርሱን ተዉትና ልጁን ወደ ሆስፒታል ላኩ። የወለቀውን ጥርስ ግን ወተት ውስጥ አድርጋችሁ አብራችሁ ስጧቸው።

ከዚያ ሦስት ጥያቄ፦ መቼ፣ የት፣ እንዴት። «መቼ» ጥርሱ ስንት ደቂቃ እንደደረቀ ይነግራል። «የት» ቁስሉ አፈርና ፍግ ነክቶት እንደሆነ፣ ማለትም ስለ ቴታነስ ማሰብ እንዳለባችሁ ያሳያል፤ ስለዚህ የክትባት ካርዱን አስመጡ። «እንዴት» ደግሞ ኃይሉ የት እንዳረፈ ያመለክታል። ኳስ ፊት ለፊት ሲመታ የሚጎዳው ጥርስ ነው፤ ልጅ በአገጩ ሲወድቅ ግን ኃይሉ በመንጋጋው ተጉዞ ጆሮው ሥር ይፈነዳል። አህያ ወይም ፈረስ የረገጠው ልጅ ደግሞ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ አጥንቱ እንደተሰበረ ይቆጠራል።

አፉን በኖርማል ሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውኃ) ወይም በንጹሕ ውኃና በጎዝ አጽዱ፤ በደም በተሸፈነ አፍ ውስጥ ማንም ምንም አያይም። ጥርሶቹን ቁጠሩ። የጎደለ ጥርስ ወይም ስባሪ ሁሉ የደረሰበት መታወቅ አለበት፦ ወይ መሬት ላይ ነው፣ ወይ ከንፈር ውስጥ ተቀርቅሯል፣ ወይ ወደ ድዱ ተመልሶ ገብቷል፣ ወይ ተውጧል፣ ወይ ሳንባ ገብቷል። ያበጠ ከንፈርን በሁለት ጣት መሃል አድርጋችሁ ዳብሱት፤ ጠጠር የመሰለ ነገር ካለ ብዙ ጊዜ የጥርስ ስባሪ ነው፣ ሳይወጣ ከተሰፋም ያመረቅዛል። ጥርሱ ጠፍቶ ልጁ ካሳለው ወይም ትንፋሹ ካፏጨ የደረት ራጅ ይነሣ።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ጥርስ በጣት ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁ። አንዱን ስትነኩ ሁለት ሦስቱ አብረው ከተንቀሳቀሱ የላላው ጥርሱ ብቻ ሳይሆን የተሸከመው አጥንት ነው የተሰበረው። በመጨረሻ «ንከስ እስቲ» በሉት። ትልቅ ልጅ ጥርሱ እንደ በፊቱ ይገጥም እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል፤ «አልገጥምልኝ አለ» ካለ እመኑት፤ እኛ በዓይን የማናየውን ልዩነት ልጁ ይሰማዋል።

የወተት ጥርስ ነው ወይስ ቋሚ?

ሁሉ ነገር በዚህ ላይ ይንጠለጠላል። የፊት ቋሚ ጥርሶች የሚወጡት በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የወተት ጥርስ ትንሽና በጣም ነጭ ነው፤ አዲስ ቋሚ ጥርስ ሰፋ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ጫፉም እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ያለ ነው።

የወለቀ የወተት ጥርስ በፍጹም አይመለስም። ከበላዩ ቋሚው ጥርስ በአጥንት ውስጥ እየተሠራ ስለሆነ፣ የወተቱን ወደ ጉድጓዱ መልሶ መግፋት ገና የሚሠራውን መጉዳት ነው። ወላጅ ይህን ሲሰማ ያዝናል፤ ለመምህሩ ግን ሸክም ያቀልለታል። ልጁ 4 ዓመቱ ከሆነ ጥርሱን ፈልጉት፣ ሳንባው አለመግባቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ ሌላ አትጨነቁ።

ወደ ድድ የገባ የወተት ጥርስ እናቶችን ያስደነግጣል፤ ጥርሱ የጠፋ ይመስላልና። አብዛኛው በ6 ወር ውስጥ፣ ዘግየት ካለም እስከ 1 ዓመት፣ በራሱ ተመልሶ ይወጣል። ለማውጣት አትቸኩሉ። የሚነቀለው በጣም ከመላላቱ የተነሣ ልጁ ሊውጠው ወይም ሊተነፍሰው የሚችል ሲሆን ነው፤ አፍ እንዳይገጥም የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ያስተካክለው ወይም ይንቀለው። ከሳምንታት በኋላ የጠቆረ የወተት ጥርስም በቀለሙ ብቻ አይነቀልም፤ ድዱ ላይ መግል የቋጠረ ብጉር ሲወጣ ወይም ፊት ሲያብጥ ነው መታከም ያለበት። ለወላጅ ግን ከአሁኑ ንገሩት፦ በኋላ የሚወጣው ቋሚ ጥርስ ነጭ ወይም ቢጫ ነጥብ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ቋሚ ጥርስ ከወለቀ

እዚህ ላይ መቸኮል ያስፈልጋል። ጥርሱን ፈልጉ፣ በሚታየው በነጩ ክፍል ያዙት፣ ሥሩን በጣት አትንኩት። አፈር ካለበት በወተት ወይም በሳላይን፣ ካልተገኘም በራሱ በልጁ ምራቅ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አለቅልቁት። መፈተግ፣ በጨርቅ መጥረግ፣ ሳሙናና አልኮል ማስነካት ክልክል ነው። ከዚያ እዚያው፣ ልጁ ቆሞ ባለበት፣ ወደ ጉድጓዱ መልሱት፤ ጎድጎድ ያለው ጎን ወደ ምላስ፣ ለስላሳው ወደ ከንፈር። ከጎኑ ካለው ጥርስ ጋር እኩል እስኪሆን በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ግፉት። ንጹሕ መሐረብ አስነክሱትና ወደ ጥርስ ሕክምና ሂዱ። ትንሽ ጎበጥ ብሎ ቢገባ አትፍሩ፤ የጠመመ እናቀናለን፣ የደረቀ ግን ነፍስ አንዘራበትም።

ሰዎችን የሚያስቆማቸው «አሳምመዋለሁ» የሚለው ፍርሃት ነው። ልጁ ራሱን ከሳተ፣ እየጮኸ አላስነካ ካለ፣ የልብ ሕመም ወይም የሰውነት መከላከያውን ያዳከመ ሕመም ካለበት አትመልሱት። በሌላው ሁሉ መልሱት።

መመለስ ካልተቻለ እርጥበቱን ጠብቁ። ቀዝቃዛ ወተት ጥሩ ነው፦ የፓኬትም ይሁን ፈልቶ የቀዘቀዘ። በጾም ወቅት ቤት ውስጥ ወተት ላይኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦአርኤስ በፓኬቱ ላይ እንደተጻፈው በጥብጣችሁ ጥርሱን ውስጡ ማስቀመጥ ይቻላል። እሱም ከሌለ ልጁ ብርጭቆ ውስጥ ምራቁን ይትፋና በዚያ ይቀመጥ፣ ወይም በምራቅ እንደረጠበ ምግብ በሚጠቀለልበት ስስ ላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። ሳላይንም ይሆናል። ውኃ ግን ሴሎቹን ስለሚያሳብጥና ስለሚያፈነዳ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ያም ሆኖ ከመድረቅ ይሻላል። እርጎና አሬራ አይሆኑም፣ ጎምዛዛነታቸው ይጎዳል። ትንንሽ ልጆችን ጥርሱን በጉንጫቸው ይዘው እንዲመጡ አታድርጉ፤ ይውጡታል።

ሐኪሙ ጉድጓዱን በሳላይን አጥቦ፣ ጥርሱን መልሶ፣ በራጅ አይቶ ከጎረቤት ጥርሶች ጋር በስስ ሽቦና በኮምፖዚት (የጥርስ መሙያ) ያያይዘዋል። ሽቦው ከ0.4 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ተለማጭ መሆን አለበት፤ ለ2 ሳምንት ብቻም ይቆያል። ደጋግሞ የሚያጋጥመን ስሕተት ይህ ነው፦ በወፍራም ሽቦ ጥርቅም አድርጎ አስሮ ለሁለት ወር መተው። ጥርስ ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት፤ ካልተንቀሳቀሰ ከአጥንቱ ጋር ይጣበቃል። የጥርስ ሐኪም በሌለበት፣ ስፌት የሚችል የጤና ባለሙያ ክሩን ከፊት ድድ አስነሥቶ በጥርሱ ጫፍ ላይ አሻግሮ በኋላው ድድ ቢያስር እስከ ሪፈር ድረስ ይይዛል።

ሥሩ አድጎ ጫፉ የተዘጋ ጥርስ ከሆነ የነርቭ ሕክምናው በ2 ሳምንት ውስጥ መጀመር አለበት። ሥሩ ገና ክፍት የሆነ የ7 ዓመት ልጅ ጥርስ ግን ነርቩ እንደገና ሕይወት ሊዘራ ስለሚችል ይጠበቃል፤ መጠበቅ ማለት ግን መርሳት አይደለም። ክትትሉ በ2 ሳምንት፣ በ1 ወር፣ በ3 ወር፣ በ6 ወር፣ በ1 ዓመት፣ ከዚያም ቢያንስ እስከ 5 ዓመት በየዓመቱ ነው። ወላጅ ሽቦው ሲወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ የሥር መበላት ግን ሳያም በራጅ ብቻ ነው የሚታየው።

ሳይወልቅ ከቦታው የተንቀሳቀሰ ቋሚ ጥርስም ይመለሳል፤ ወደ ታች የተንጠለጠለ ለ2 ሳምንት፣ ወደ ጎን የታጠፈ ወይም ሥሩ መሃል ላይ የተሰበረ ለ4 ሳምንት ይታሰራል። ነካ ሲያደርጉት ብቻ የሚያም ጥርስ ማሰሪያ አያሻውም፤ ለስላሳ ምግብና ክትትል ይበቃዋል።

የተሰበረ ጥርስ ስባሪው ከተገኘ በውኃ ወይም በወተት ይምጣ፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጣበቃል። ስብራቱ መሃል ላይ ቀይ ነጥብ ከታየ ነርቩ ተጋልጧል ማለት ነው። እባካችሁ አትንቀሉት። የ8 ዓመት ልጅ የፊት ጥርስ «ነርቩ ተነክቷል» ተብሎ ሲነቀል ማየት ያሳዝነናል፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የነርቭ ክፍል ብቻ ተነሥቶ፣ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በመሰል መድኃኒት ተሸፍኖ፣ ከላይ ቢደፈን ጥርሱ በሕይወት ይቀጥላል፣ ሥሩም እድገቱን ይጨርሳል። የወጣ ቋሚ ጥርስ ሥሩን ለመጨረስ 3 ዓመት ያህል ስለሚፈልግ በዚህ ዕድሜ ነርቩን ማዳን ጥርሱን ማዳን ነው።

ከንፈር፣ ምላስ፣ ላንቃ

ደም የሚቆመው በመጫን ነው። ጎዝ አድርጋችሁ ሰዓት እያያችሁ 10 ደቂቃ ሙሉ ተጫኑ፤ በየደቂቃው እያነሡ ማየት የረጋውን ደም መልሶ መክፈት ነው። የቡና ዱቄት ቁስል ላይ መነስነስ አሁንም አልቀረም። ደሙ የቆመ ይመስላል፤ እኛ ግን በኋላ ዱቄቱን ከቁስሉ ለማውጣት ልጁን ሁለተኛ ጊዜ እናሠቃየዋለን።

ከንፈር ሲሰፋ ቁም ነገሩ ቀዩ የከንፈር ክፍል ከቆዳው ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ከሳተ ልጁ በሳቀ ቁጥር ይታያል። ማደንዘዣው ሲወጋ ከንፈሩ አብጦ መስመሩ ስለሚጠፋ፣ ከመውጋታችሁ በፊት በሁለቱም ጎን ነጥብ አድርጋችሁ ምልክት ያዙ፤ የቆዳውን የመጀመሪያ ስፌት እዚያ አሳርፉ፣ ሌላው ይከተላል። ቁስሉ ከውስጥ ወደ ውጭ የበሳ ከሆነ በደንብ ታጥቦ በየንብርብሩ ይሰፋል። የፊት ቆዳ ስፌት ከ5 እስከ 7 ባሉት ቀናት ይውጣ፤ ሲዘገይ የመሰላል ምልክት ይተዋል። ልጁን ከማሰናበታችሁ በፊት እናቱን አስጠንቅቋት፦ የደነዘዘ ከንፈር አይሰማውምና ያኝከዋል፤ በማግስቱ ከወደቀበት የባሰ ቁስል ይዞ ይመለሳል።

አፍ ውስጥ ያለ ትንሽ ቁስል፣ የላይኛውን ከንፈር ከድድ የሚያያዘው ጅማት መቀደድም ጭምር፣ ያለ ስፌት ይድናል። ምላስም እንዲሁ፤ የሚሰፋው ቁስሉ አፉን ከፍቶ የቀረ፣ ጫፉን ለሁለት የከፈለ ወይም ደሙ አልቆም ያለ ሲሆን ነው። የከንፈሩ ጅማት መቀደዱ መራመድ በሚለማመድ ልጅ የተለመደ ነው። ገና በማይድህ ጨቅላ ላይ ሲታይ፣ ወይም ጆሮና አንገት ላይ ሰንበር ሲኖር፣ ወይም የሚነገረው ነገር ከጉዳቱ ጋር አልገጥም ሲል ግን ልጁ በቤቱ ደኅና መሆኑን መጠየቅ ግዴታችን ነው።

እርሳስ ወይም እንጨት በአፉ ይዞ የወደቀ ልጅ ላንቃው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ሊታይበት ይችላል። ከላንቃው ጎን በስተኋላ ወደ አንጎል የሚሄደው ትልቁ የደም ሥር ያልፋል። በቀጣዮቹ 2 እና 3 ቀናት ውስጥ ድካም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር ለውጥ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ ከታየ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል።

ውሻ ፊቱን የነከሰው ልጅ ቁስሉ በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና ኢሚውኖግሎቡሊን (በሽታውን ወዲያው የሚከላከል መርፌ) በዚያው ቀን ይፈለግ፤ ውሻው ምን እንደሚሆን እያዩ መጠበቅ ለፊት ንክሻ አይሆንም።

ደም የሌላቸው ጉዳቶች

አገጩ ሥር የተቆረጠ ልጅ ቁስሉ ተሰፍቶ ወደ ቤቱ ይላካል፤ ጆሮው ሥር የተሰበረው የመንጋጋ ራስ ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ አገጭ በሰፋችሁ ቁጥር ይህን አድርጉ። ሁለቱን አመልካች ጣቶቻችሁን ከጆሮዎቹ ፊት አሳርፉና አፉን እንዲከፍትና እንዲዘጋ ጠይቁት። ያመዋል? የራሱ ሦስት ጣቶች ተደርድረው አፉ ውስጥ ይገባሉ? ሲከፍት አገጩ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል? የሚሸሸው ወደ ተሰበረው ወገን ነው። የኋላ ጥርሶቹ ገጥመው የፊቶቹ ካልተገናኙ ደግሞ ሁለቱም ወገን ተሰብረው ሊሆን ይችላል። ከጆሮው ደም ከወጣም ይህን አስቡ።

በልጆች አብዛኛው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል፤ ለስላሳ ምግብ፣ ማስታገሻ፣ ከዚያም አፍን በየቀኑ ደጋግሞ የመክፈት ልምምድ። አፍን ለሳምንታት አስሮ ማቆየት ትልቁ ጥፋት ነው፤ መገጣጠሚያው በአጥንት ይጣበቃል፣ አፍ አይከፈትም፣ መንጋጋውም ማደጉን ያቆማል። ከዓመታት በኋላ አገጫቸው ወደ ኋላ የሸሸ፣ በማንኪያ ብቻ የሚበሉ ልጆች ታሪክ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ትንሽ ሆኖ ወድቆ ነበር» የሚል መልስ ነው የሚገኘው።

አፍንጫው የተመታ ልጅ ሁለቱም ቀዳዳዎቹ በባትሪ ይታዩ። መሃለኛው ግድግዳ ላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ የሆነ፣ ሲነኩት ለስላሳ እብጠት ካለ ደም ቋጥሯል። የግድግዳው ለጋ አጥንት የሚመገበው ከሸፈነው ሥጋ ነው፤ ደሙ ሁለቱን ከለያያቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለጋ አጥንቱ ይሞታል፣ አፍንጫውም መሃሉ ይሰረጉዳል። በዚያው ቀን ተከፍቶ መፍሰስ አለበት።

ዓይኑ አካባቢ የተመታ፣ ዓይኑ ያልቀላ፣ ግን ወደ ላይ ማየት የማይችልና የሚያስመልሰው ልጅ ደግሞ የዓይኑ ጡንቻ በተሰነጠቀ አጥንት ተቆንጥጦ ይሆናል። ትውከቱ ከጭንቅላት ነው እየተባለ ሲጠበቅ ጡንቻው ይሞታል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል።

ቤት ሲመለስ

ጥርሱ የተነካ ልጅ ለ2 ሳምንት ገንፎ፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ በወጥ የራሰ ፍትፍት ይብላ፤ ቆሎ፣ ሸንኮራና የተጠበሰ በቆሎ ይቅር። ከምግብ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ይቦረሽ፣ 0.12% ክሎርሄክሲዲን (ጀርም የሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ) በቀን ሁለት ጊዜ፤ ለመጉመጥመጥ ላልቻለ ትንሽ ልጅ በጎዝ ነክሮ ድዱን መጥረግ ይበቃል። ለሕመም ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ነው፤ 20 ኪሎ ለሆነ ልጅ 300 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ሽሮፑ በየጠርሙሱ ስለሚለያይ በማንኪያ ሳይሆን በሚሊ ግራም አስሉ። አስፒሪን ለልጅ አይሰጥም።

ሪፈር ወረቀቱ ላይ «የጥርስ ጉዳት» ብቻ አትጻፉ። እንዲህ ያለ አንድ መስመር ሥራችንን ይለውጠዋል፦ «ዕድሜ 9፤ ጠዋት 4፡20 ወደቀ፤ የላይ ቀኝ የፊት ቋሚ ጥርስ ወለቀ፤ 15 ደቂቃ ደረቅ ቆየ፤ 4፡35 ወተት ውስጥ ገባ፤ ራሱን አልሳተም፤ አፉ ሦስት ጣት ይከፈታል፤ የቴታነስ ክትባቱ የተሟላ።» ያን «15 ደቂቃ» አንብበን ነው ጥርሱን እንዴት እንደምናክምና ለወላጆቹ ምን ተስፋ እንደምንሰጥ የምንወስነው።